ፎርማት አላደርገውም

የቆየ ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር መዳፍ የሚነዝር ነገር አለው። ትናንት ቢሮ ውስጥ አንዱን አንስቼ ስሰካ ያ ንዝረት ጣና ዳር፣ ፔዳ በሚባለው ሰፈር ወደነበረችው ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ መለሰኝ። አጠገቤ የሚሠራው ወጣት፣ "ይሄን ቅርስ ጣዪው፤ አሁን ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ነው" አለኝ። አልጣልኩትም። ጣዪው ሲሉኝ ድሮም እልህ ይይዘኛል።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ከሌለኝ ሱቋ ውስጥ እሠራለሁ። የሚበየድ ሽቦ ሽታ ከጎረቤት ጁስ ቤት የማንጎ ሽታ ጋር ይቀላቀላል፤ የባጃጅ ጥሩምባ ፋታ አይሰጥም። ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። ለማንኛውም በሽታ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት።

አንድ ቀን ከጣና ደሴቶች ባንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ መጡ። ከጋቢያቸው ውስጥ በሻሽ የተጠቀለለ ሃርድ ዲስክ አወጡ። ያረፉት መምህራቸው ያዜሙትን፣ እሳቸው በስልክ የቀዱትን ሁሉ የያዘ ነው። ስልኩ ስለሞላባቸው ከተማ ዘመድ ቤት ሆነው ወደ ዲስኩ ሲያዛውሩ ነበር የተበላሸው።

"ወደ ደሴቱ የሚመለሰው ጀልባ ሊነሣ ሆነ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፤ አላልቅ ቢለኝ ነቀልሁት" አሉ።

ባለሱቁ ሰክቶ አየውና፣ "ዲስኩ ደህና ነው። ፎርማት አድርገሽ ስጫቸው" አለኝ።

"ፎርማት ማለት ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ማጥፋት ነው፣ መሪጌታ።"

ፊታቸው ተለወጠ። "የየኔታን ድምፅ? ሌላ ቦታ የለም እኮ፣ ልጄ።"

"እኔ ፎርማት አላደርገውም" አልኩ።

"ባለሱቁ አንቺ ነሻ?" አለኝ አሠሪዬ።

"አይደለሁም። ግን አላደርገውም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎልደር የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገር መንገድ ጠቋሚ ነው። መሪጌታው በችኮላ ሲነቅሉት የተበላሹት ፎልደሮቹ ናቸው፤ ድምፁ አልተነካም። መንገዱ ጠፋ እንጂ አገሩ አለ። ስለዚህ በመጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት፤ የጥገናውን ፕሮግራም ያስነሣሁት በግልባጩ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ከተሰበረ ፎልደር የቀረ ፋይል ባገኘ ቁጥር ቆሞ ይጠይቃል፤ ልሰብስበው ወይስ ይቅር? ባለሱቁ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ፣ "ይቅር በይውና ገላግይን" ይላል። እኔ ለእያንዳንዱ ሰብስበው እላለሁ። እልህ ብቻ ነው ያሠራኝ ብል አልዋሽም።

ፋይሎቹ ወጡ። ግን የወደቁና የተገኙ የሚጠራቀሙበት አንድ ፎልደር ውስጥ፣ በስም ፈንታ ቁጥር ተለጥፎባቸው ነበር። የትኛው ዜማ የየትኛው በዓል እንደሆነ የሚናገር አንድም ነገር የለም።

"ይኸው፣ ክምር!" አለ ባለሱቁ። "ምን ሊያደርጉት ነው?"

መሪጌታው ግን ተረጋግተው፣ "ስሙን እኔ አውቀዋለሁ። ብቻ አሰሚኝ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ከተማ በተሻገሩ ቁጥር እየመጡ በርጩማዋ ላይ ይቀመጣሉ፤ ማዳመጫውን ከጥምጥማቸው ሥር አስገብተው ያዳምጣሉ። "ይህ የሆሣዕና ነው" ይሉኛል፤ የሆሣዕና ፎልደር ከፍቼ አስገባዋለሁ። "ይህ የጥምቀት።" ገና ሲጀምር እንደሚያውቁት ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ግን ዜማው ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ላልፍ ስል እጄን ይይዙኛል። "የኔታ እያዜሙ አቋርጬ ተነሥቼ አላውቅም" ይላሉ። ባለሱቁ ይንጨረጨራል። ይንጨርጨር።

አንዳንዴ መምህራቸው ዜማውን አቁመው በሻከረ ድምፅ ሲቆጧቸው ይሰማና ይስቃሉ። "የኔታ አያመሰግኑም። ውዳሴ ከንቱ ተማሪ ያበላሻል ባይ ነበሩ። እስቲያርፉ ድረስ ደግ አደረግህ ሲሉኝ አልሰማሁ" አሉኝ አንድ ጊዜ። ሲናገሩት እንደ ጨዋታ ነበር።

አንድ ከሰዓት ሌላ ደንበኛ ይዤ ስለነበር ዜማው ሲያልቅ ፋይሉን አላቆምኩትም። ዞር ስል መሪጌታው ደርቀው ተቀምጠዋል። ማዳመጫውን አውልቀው ዘረጉልኝ፤ "እስቲ መልሰሽ ስሚልኝ። ጆሮዬ ይሆን?"

ሁለታችንም እንድንሰማው ማዳመጫውን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ መልሼ ከፈትኩት። ከዜማው በኋላ በር ይንቋቋል፤ የሚርቅ ኮቴ ይሰማል። መሪጌታው ያኔ ለሆነ ጉዳይ ሲወጡ ስልኩን ሳያጠፉት ትተውት ኖሯል። ከዚያ አንድ እንግዳ ሰው፣ "ይህ ተማሪዎ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ያ የሻከረ ድምፅ ቀስ ብሎ፣ "እሱማ ከእኔ አልፏል። እንዳይነግሩት፣ አደራ" አለ።

በዚያች ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ እንኳ ቀኑን ሙሉ የሚያስጮኸውን ሬዲዮ ዝቅ አደረገ። ፎርማት ብንለው ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። መሪጌታው የጋቢያቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

"በምን ስም ላስቀምጠው?" አልኳቸው።

"እንዳይነግሩት ብለዋል እኮ" አሉኝ። "እኔ የኔታን እምቢ ብዬ አላውቅም። አልሰማሁም፣ ልጄ። አንቺም አልሰማሽም።"