መናፈሻ ውስጥ የበቀለ ዳጉሳ

በንጉሡ ዘመን ከቡሬ ተድሬ ዳንግላ ስገባ ከተማው አልወደደኝም፤ እኔም አልወደድሁትም። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር ጧት የወጣ ሲመሽ ነው የሚመለሰው። ጎረቤቶቼ የሚያወሩት በአገውኛ ነው። ሲስቁ በእኔ የሚስቁ እየመሰለኝ ደሜ ይፈላል። መጋቢት ላይ «መጥተው ይውሰዱኝ» ብዬ ወደ ቡሬ በሚሄድ ነጋዴ ለአባቴ መልእክት ላክሁ። «እርሻዬን ላድርስና መስከረም ላይ እመጣለሁ» የሚል መልስ መጣልኝ። መስከረምን መጠበቅ ጀመርሁ።

በዚያው ሰሞን ማዘጋጃ ቤቱ ከገበያው በላይ ያለውን ሜዳ በሽቦ አጠረው። ጽጌረዳ ተከለ፣ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ፣ ዘበኛ ቀጠረና መናፈሻ ነው አለ። ድሮ ከገበያ የሚመለስ ሁሉ እዚያ ካለው ሾላ ሥር ያርፍ ነበር። አሁን ማንም አይገባም። ደህና ሰው በጠራራ ፀሐይ ሥራ ፈትቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ መታየቱ ነውር ነዋ! ጡረታ የወጣ ወታደር ካፖርቱን ደርቦ ባዶ ወንበር ይጠብቃል።

አንድ ቀን ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ የዳጉሳ ስልቻ ተሸክመው፣ ሰፌድና ቁርበት ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ፤ አማርኛቸው ጥቂት ነው።

«ነይ ልጄ፣ አግዥኝ። ግቢያችን ነፋስ የለው። ማዘጋጃ ቤት ማናፈሻ ሠርቶልናል አሉ።»

ዳንግላ ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። «እማማ፣ መናፈሻ እኮ ነው! እህል ሳይሆን ሰው የሚናፈስበት።»

«ሰው ምን ገለባ አለውና?» አሉኝ ከልባቸው።

ቁርበቱን ይዤ ተከተልኋቸው።

ዳጉሳውን ገና ወደ ሰፌዱ ሲገለብጡ ዘበኛው ዱላውን ይዞ መጣ። «ክልክል ነው!»

«ምኑ?» አሉት ጎረቤቴ።

ምኑ እንደሆነ ለእሱም የነገረው አልነበረም። የቁርበቱን ጫፍ አስያዙት፤ «ያዝ እስቲ፣ ነፋሱ ሳያልፈን።» ያዘ። ካፖርቱ ገለባ በገለባ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሰፌዷን ይዛ መምጣት ጀመረች። እኔም አብሬ ዋልሁ። እየዋለ እያደረ አገውኛው ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ለካ እውነትም በእኔ ነበር የሚስቁት፤ ነገሩ ሲገባኝ ግን ያስቃል፣ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ዝናቡ ሲጥል የወዳደቀው ዳጉሳ በጽጌረዳው መሀል በቀለ። ዘበኛው በየቤታችን ዞረ። «ሰብላችሁን ቶሎ አርሙ፤ አለቃዬ ካየው ሁሉንም አረም ነው ብሎ ያስነቅለዋል።» ወጥተን አረምን፤ እግረ መንገዳችንንም ጽጌረዳውን ኮተኮትን። ጎረቤቴ መናፈሻው በር አጠገብ ያለችውን ቁራጭ መሬት አሳዩኝና «ይች ያንች ናት፤ አንች ነሽ ያፈሰስሽው» አሉኝ። ዳንግላ ውስጥ የእኔ የተባለ ነገር ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ።

ዳጉሳው ሲያሸት ወንዶቹም ይመጡ ጀመር። ወፍ እንጠብቃለን ብለው ወንበሩን ሞሉት። ወፍ መጠበቅ ሥራ ነው፤ ነውር የለበትም። ወፍ ባይኖርም እስኪመሽ ይቀመጣሉ።

መስከረም ላይ አባቴ እኔን የሚጭኑባትን በቅሎ አስከትለው ደረሱ። «በይ ተሰናበች፣ ነገ በጧት እንነሣለን» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ ወደ መናፈሻው ወሰድኋቸውና ቁራጬን አሳየኋቸው። ገበሬ ናቸው፤ አጎንብሰው ዘለላውን በጣታቸው አሹት።

«ይች እኮ እፍኝ አትሞላም።»

«አውቃለሁ አባዬ። ግን ገና አልደረሰችም።»

በማግስቱ አባቴ በቅሎዪቱን ባዶዋን እየሳቡ ወደ ቡሬ ተመለሱ።