ባል የሌለበት ቤት ጭስ

በአትባራ ከተማ የግራር ጭስ ከሰው በላይ ወሬ ያውቃል። አንዲት ባለትዳር ጓዳዋ ውስጥ በተቆፈረው ጉድጓድ ላይ ወፍራም የሱፍ ሸምላዋን ተከናንባ ስትታጠን፣ ሽታው ግንቡን ተንጠላጥሎ ይወጣና ሰፈሩን ያዳርሳል። ከባቡር ጣቢያው ማዶ የምትግጥ ፍየል እንኳ ቀና ብላ የማን ባል እንደመጣ ትለያለች። ባሏ የሞተባት አትታጠንም። ባሏ ባሕር ማዶ ያለባትም አትታጠንም። ለማን ብላ?

የኢቅባል ባል አብደልባጊ ጅዳ ውስጥ የውኃ ቦቴ ይነዳል። ከተጋቡ ወዲህ አብረው ያደሩበት ጊዜ ሁሉ ቢጠራቀም አንድ እርግዝና አይሞላም። ጉድጓዷ የምትከፈተው እሱ ለረመዳን ሲመጣ ነው፤ በቀረው ጊዜ ትሪ ተደፍቶባት ትከርማለች፤ ዶሮዋ ትተኛባታለች።

ሙቀቱ ሲበረታ ኢቅባልን ማሳከክ ጀመራት፤ ያውም ሰው ፊት እጅ በማይሰድዱበት ቦታ። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን ስታጨማድድ፣ ሴቶቹ «ከሚስቱ ይልቅ እሷ አዘነችለት» ብለው አደነቋት። ቆይቶ የተቆራረጠ እርጎ የመሰለ ፈሳሽ መጣ። ለማን ትናገር? እናቷ ሞታለች። የባሏ እህት ሰኪና አለች፤ ለሰኪና መንገር ግን ገበያ መሐል ድምፅ ማጉያ ይዞ መቆም ነው።

እናቷ በሕይወት ሳለች «ጭስ ማሕፀን ያጠራል» ትል እንደነበር ትዝ አላት። አንድ ቀን ሰፈሩ በቀትር እንቅልፍ ላይ ሳለ ዶሮዋን አባርራ ትሪውን አነሳችና ታጠነች። ሰፈሩ ይተኛል እንጂ አፍንጫው አይተኛም። ለጥቂት ቀለል አላት፤ ከዚያ በርበሬ እንደነሰነሱበት ሆነ። ያነሰ መስሏት ደገመች። ሲብስባት ሠለሰች።

ሰኪና መጣች።

«ደህና ነሽ? ቤቱ ደህና ነው? ዶሮዋስ?» አለች፤ አፍንጫዋ ቀድሟት ጓዳ ገብቷል። «ወንድሜ መጣ እንዴ፣ እኔ ሳልሰማ?»

«አልመጣም።»

«እኔማ ሽታውን ተከትዬ ነው የመጣሁት። ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ ቤትሽን አልስትም ነበር።»

«አሞኝ ነው የታጠንኩት።»

«ምንሽን?»

«ወገቤን» ብትል ይበቃ ነበር። አፏ እምቢ አላት።

«እሺ፣ የኔ እመቤት። አሞሽ ነው» አለች ሰኪና፤ ሻይዋን ሳትጨርስም ተነሳች። ሰኪና ሻይ ሳትጨርስ የወጣችበት ቤት እስከዚያ ቀን ድረስ አልታየም።

ሰፈሩ ታጠነችለት ያለውን ሰውዬ ፍለጋ ገባ። አንዱ ረጅም ነው አለ፣ ሌላው የባቡር ሠራተኛ ነው አለ። ሳምንቱ ሳያልቅ የሌለው ሰውዬ መኪና ገዛ፣ የወርቅ ጥርስም አስተከለ። ከኢቅባል ስኳር የሚበደር ጠፋ። ጎረቤቶቿ በግንቡ ላይ ሰሐን ማቀበል ተዉ። እሷም ከማሳከኳ ጋር ብቻዋን ቀረች።

በመጨረሻ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ማንም ወደማያውቃት የከተማው ጫፍ ሄደች። እዚያ ሂባ የምትባል ወጣት ሴት የምትሠራበት ፋርማሲ አለ።

«ለአክስቴ ልጅ ነው» አለች ኢቅባል፤ የሆነውንም ሁሉ በአክስቷ ልጅ አሳብባ ነገረቻት።

«እርጉዝ ናት?»

«ከማን?»

ሂባ አልሳቀችም። «ይሄ የፈንገስ ነገር ይመስላል። ማንም ሴት ላይ ይወጣል፤ ነውር አይደለም። ጭሱና ሙቀቱ ያብሰዋልና ትተወው። ሽቶ ያለው ሳሙናም ይቅር። ይሄን ቅባት ማታ ስትተኛ በጀርባዋ ጋደም ብላ፣ በዚህች ማስገቢያ ወደ ውስጥ ታስገባው፤ ከዚያ አትነሳ። ተሻለኝ ብላ ደግሞ መሐል ላይ እንዳታቆም። ካለቀም በኋላ ካልለቀቃት ሐኪም ይያት።»

«ባሏ ቢመጣስ?»

«እስክትጨርስ ይታገሣ።»

«እሱስ ያውቅበታል» አለች ኢቅባል።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ አብደልባጊ እንደ ልማዱ ደወለ። ስለ ጤናዋ ሳይጠይቅ፣ «ቤቴ ይጨሳል አሉኝ» አለ።

ኢቅባል አንድ ቃል ብትሳሳት ትዳሯ እዚያው በስልክ ያልቃል። ስለ ገላዋ ደግሞ ለባሏ ተናግራ አታውቅም፤ የአንድ ወር እንግዳ እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም።

«አሞኝ ነው» አለች። «ታች። ያሳክከኛል። ጭስ ያሽረኛል ብዬ… አባሰብኝ። አሁን ቅባት ይዣለሁ።»

ከአብደልባጊ ጀርባ አብረውት የሚኖሩት ሾፌሮች ምስሩን ማን እንዳሳረረው ይከራከራሉ። በር ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማት፤ ክርክሩም ራቀ። ሴት ልትዋሽ ስትፈልግ ይህን የሚያህል ነውር አትመርጥም ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ድምፁ ለዘብ አለ።

«ቅባቱን ማን ይቀባሻል?»

«ራሴ ነኝ እንጂ ማን አለኝ?»

«ለሰኪና እኔ እነግራታለሁ» አለ። «ልመጣ ተነስቼ ነበር፤ ታጠኚና ጠብቂኝ ብዬ አዝዤሽ፣ አሠሪዬ ፈቃድ ከለከለኝ እላታለሁ።»

«እውነት ልትመጣ ነበር?»

«እንዴት ብዬ ልመጣ፣ ኢቅባል።»

ሰኪና በማግስቱ ሴቶቹን አስከትላ መጣች። «ምነው ሳትነግሪን? ስትጠብቂው ነው ለካ። ያ አሠሪ ዓይኑ ይጥፋ» እያለች አቀፈቻት። የወርቅ ጥርሱ ሰውዬ የዚያኑ ቀን ከሰፈሩ ጠፋ። ኢቅባልም በሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጎሽ፣ ማስመሰል አውቅበታለሁ ብላ ራሷን ልታደንቅ ነበር፤ ግን እንባው አልቆም አላት። ሴቶቹ ሻያቸውን ጨርሰው ከሄዱም በኋላ፣ ሊመጣ ላልነበረው ሰው በር በሩን ታይ ነበር።

ማሳከኩ ቶሎ ተዋት። እሷ ግን እንደተባለችው መሐል ላይ አላቆመችም። የመጨረሻውን ቅባት አስገብታ፣ ለሁለት ሰው በተሠራው አልጋ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። መነሳት የለም። ዶሮዋ በትሪው ላይ ስትመቻች ተሰማት። ወዲያው ከጎረቤት የግራር ጭስ ግንቡን ተንጠላጥሎ ገባ። የማን ባል እንደመጣ አፍንጫዋ ነገራት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።