ከፒዬትራና የሚመጣው ዳቦ

ሲኞራ ዶሚቲላ ፌራንቲ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ያውም ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተጠገነ በኋላ፣ አልለቅም ያሉት አንድ ነገር ነበር፤ የኪራይ መኪና የፊት ወንበር።

በሮካ ሳንታልባ ግንብ ውስጥ ባለችው ትንሽ አደባባይ፣ የወንድማቸው ልጅ ኤርሜቴ ለጎብኚ የሚያከራያቸው ሦስት መኪኖች ይቆማሉ። ጎብኚው ቁልፉን ተቀብሎ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ሲኞራ ዶሚቲላ የቀኙን በር ከፍተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ይቀመጣሉ። ግቡ ያላቸው የለም፤ ውረዱ ለማለት የደፈረም አልተገኘም። የከተማይቱ መንገድ መኪና ካለፈበት በግራና በቀኝ የመዳፍ ያህል ብቻ የሚተርፈው በመሆኑ፣ ባዕድ ሰው ብቻውን ቢገባበት የማን ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

«ቀኝ! አሁን ግራ! መስታወቱን እጠፈው እንጂ ልጄ፣ የአልፎንሳን ግድግዳ ልትልሰው ነው እንዴ?»

እንዲህ እያሉ ከከተማይቱ በር ያስወጡታል። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በግንብ ጉድጓድ ውስጥ የእመቤታችን ምስል ከቆመበት መታጠፊያ ሲደርሱ «ክላክስ!» ብለው ያዛሉ። ክላክሱ ከተነፋ በኋላ ወርደው በእግራቸው ይመለሳሉ፤ ሳይወርዱ በፊት ግን ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ዓይነት አደራ ይሰጣሉ።

«ከዚህ ቀጥ ብለህ ፒዬትራና ትወጣለህ። የሴቲሚያን ምድጃ ጠይቅ። ዶሚቲላ ሰላም ብላሻለች በልልኝ። ዳቦ ትሰጥሃለች።»

ፒዬትራና ከሸለቆው ማዶ ያለች፣ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዓመት የተወለዱባት መንደር ናት። ዶሚቲላ አግብተው ወደ ሮካ ሲሻገሩ፣ ሴቲሚያ ከእናቷ በወረሰችው የዳቦ ምድጃ ዘንድ ቀረች። ጆሮዋ ከከበደ ወዲህ ስልክ እንደ ጠላት ነው የምታየው። የሲኞራ ዶሚቲላ ባል በሕይወት ሳለ እሁድ እሁድ ይወስዳቸው ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ግን ኤርሜቴ «በሚመጣው ሳምንት» ይላል፤ ሳምንቱ ሲመጣ ወይ ፍሬኑ ተበላሽቷል፣ ወይ መንገዱ ተንዷል። ስለዚህ ሰላምታውን የሚያመላልሱት ተከራዮቹ ሆኑ። ማታ ሲመለሱ ክብ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፤ እሳቸውም በወይራ ዘይት እያጠቀሱ ይበሉና «የሴቲሚያ እጅ አላረጀም» ይላሉ።

በግንቦት አንድ ረፋድ ላይ ኤርሜቴ ጎማ ሊያስጠግን ወደ ሸለቆው ወርዶ ስለነበር፣ ቁልፉን ለተከራይዋ የሰጠቻት አደባባዩ ላይ ያለው ቡና ቤት አሳላፊ ነበረች። ተከራይዋ ሊቭ የምትባል የኖርዌይ ሴት ናት፤ ጣሊያንኛ ሁለት ዓመት ተምራለች፣ የተራራ መንገድ ግን አይታ አታውቅም። መታጠፊያው ዘንድ አንድ አውቶቡስ ድንገት ከፊቷ ሲመጣባት መኪናውን አቁማ መሪው ላይ ተደፋች።

«ሲኞራ፣ እባክዎ አይውረዱ። ብቻዬን አልችልም።»

«እስከ ፒዬትራና?»

«እስከፈለጉት።»

ሲኞራ ዶሚቲላ ለአፍታ አሰቡ፤ ወዲያው ፊታቸው በራ። «ንጂው! ሴቲሚያ በሯ ላይ ስታየኝ በድንጋጤ ሊጧን ትጥለዋለች።»

መንገዱን ሁሉ ወሬ አላቋረጡም። በሸለቆው ድልድይ አጠገብ ካለው ትልቅ ሱቅ ሲደርሱ ሊቭ ዳቦ ልግዛ ብትል፣ በሳቅ ፈነዱ። «ወደ ሴቲሚያ እየሄድሽ የሱቅ ዳቦ? እንዳትሰማሽ!»

ፒዬትራና ገቡ። ከአንዲት ድመት በቀር የተቀበላቸው አልነበረም። የምድጃው ቤት በር በሰንሰለት ተቆልፏል፤ ከደፉ ስንጥቅ የበቀለ የበለስ ዛፍ የሰው ቁመት አልፎ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ሴቲሚያ!» ብለው ተጣሩ፤ ጓደኛቸው እንደማትሰማ ትዝ ሲላቸው በሩን በመዳፋቸው ደበደቡት። ሰንሰለቱ ብቻ መለሰላቸው።

ከመንገዱ ማዶ፣ በልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጣሪያ ሥር፣ የመንደሩ የሐዘን ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ። አንድ ወረቀት ብቻ ነበረበት፤ ጥቁር ጠርዝ ያለው፣ ከላይ የሴት ፎቶግራፍ የታተመበት። ሲኞራ ዶሚቲላ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። «ሴቲሚያ ቫላቲ። በሰባ ዓመቷ ካረፈች አራተኛ ዓመት። ልጇ በጸሎት ያስባታል።» አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠርገው እንደገና አነበቡት። ከዚያ በጣታቸው «አራተኛ» የሚለውን ቃል ፋቁት፤ ቀለም የፈሰሰበት መስሏቸው ነበር።

«እንዴት ይሆናል?» አሉ። «ቅዳሜ ዕለት ዳቦ ልካልኝ የለም እንዴ?»

ሊቭ ደግፋ መኪናው ውስጥ አስቀመጠቻቸውና እንባቸውን መጥረጊያ ወረቀት ፍለጋ ከፊት ወንበሩ ትይዩ ያለውን የዕቃ መክተቻ ከፈተች። በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ወደቀ፤ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ የተጻፈ።

«የኤርሜቴ ጽሕፈት ነው» አሉ ሲኞራ ዶሚቲላ። «ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

ሊቭ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ወደ ጣሊያንኛ እየመለሰች ጀመረች። «ውድ እንግዳ። አሮጊቷ አክስቴ... ወደ ፒዬትራና ይልኩዎታል። የሚፈልጓት ሴት... በሕይወት የለችም።» ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዝቅ አደረገችው።

«ጨርሺው!»

«እባክዎ ሲመለሱ... ከድልድዩ ሱቅ ክብ ዳቦ ይግዙ። 'ሴቲሚያ ሰላም ብላለች' ይበሏቸው። ስለ ቸርነትዎ አመሰግናለሁ።»

ሲኞራ ዶሚቲላ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ያን ሁሉ ዳቦ የበላ አፍ የሌላ ሰው የሆነባቸው ይመስል። እስከ ሮካ ድረስ «ቀኝ» አላሉም፣ «ግራ» አላሉም። ሊቭ በየመታጠፊያው ክላክሱን በራሷ ፈቃድ ነፋች።

ኤርሜቴ አደባባዩ ላይ ጎማ እየገጠመ ነበር። አክስቱን ከውጭ በምትገባ መኪና ውስጥ ሲያይ ብሎን መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«አክስቴ! ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከቀብር። አራት ዓመት ዘግይቼ።»

ኤርሜቴ ቀለሙ ተለወጠ። ወረቀቱን ሊቀበላቸው እጁን ቢዘረጋ አልሰጡትም።

«ዳሌዎ በተሰበረበት ሳምንት ነው ያረፈችው» አለ። «ሐኪሙ አታስደንግጧቸው አለን። ፋሲካ ሲደርስ እነግርዎታለሁ አልኩ። ከፋሲካ በፊት ግን አንድ ሆላንዳዊ ተከራይ ሰላምታ አሲዘው ሰደዱ። እሱ ሞኝ ተመልሶ 'ቤቱ ዝግ ነው' ሊልዎት ሲል ከበሩ ላይ ያዝኩት፤ ዳቦ ገዝቼ በእጁ ሰጠሁት። እርስዎም በሉት። ደስ አለዎት። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልናገር? ቁልፍ ባስረከብኩ ቁጥር ለተከራዩ ይህን ወረቀት አሳየዋለሁ።»

«ማን ማን ያውቃል?»

ኤርሜቴ ብሎን መፍቻውን ከመሬት አነሣ።

«አልፎንሳ?»

«ታውቃለች።»

«ዶን ኦራዚዮስ?»

ኤርሜቴ መሬት መሬቱን አየ። «ጀርመንኛውን የተረጎመው እሱ ነው።»

«ቄሱ!» ሲኞራ ዶሚቲላ የድንጋዩ መቀመጫ ላይ ዘጭ አሉ። «እሁድ እሁድ 'ሴቲሚያ እንዴት ናት' እያለ ይጠይቀኛል! እኔም 'ደኅና ናት አባ፣ ዳቦዋም እየተሻሻለ ነው' እለዋለሁ!»

ጎረቤታቸው አልፎንሳ ከመስኮቷ አንገቷን አወጣች። «እኔስ ልነግርሽ ነበር ዶሚቲላ፣ እግዜር ምስክሬ ነው!»

«አንቺማ ዝም በይ! አራት ዓመት ሙሉ ምስጢር መቋጠርሽ ከሞቷ እኩል አስደንግጦኛል!»

አልፎንሳ መስኮቷን ዘጋች። ኤርሜቴ ጎንበስ ብሎ ከአክስቱ ፊት ቁጢጥ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ድምፁ ግን ለብዙ ጊዜ ሲያስብበት የኖረ ሰው ድምፅ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ። አሁን ሁሉንም አውቀዋል፤ ይብቃዎት። ከእንግዲህ መኪና ውስጥ መግባት፣ ሽቅብ በእግር መመለስ ይቅር። ቁልፉን በሳጥን አድርጌ በሩ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ እንግዶቹም በስልካቸው ካርታ ይሄዳሉ። እርስዎ ቤትዎ አረፍ ይበሉ። ሰላምታ የሚልኩላትም ሰው የለችም።»

ሲኞራ ዶሚቲላ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ተነሡ፤ ሊቭ ወዳቆመችው መኪና ሄደው የቀኙን በር ከፈቱና ተቀመጡ። ከዚያም በተከፈተው መስኮት እንዲህ አሉት፦

«ሳጥንህን ስቀል፤ እኔ ከዚህ ወንበር አልነሣም። እስከ ዛሬ መታጠፊያው ላይ እወርድ ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ግን አልወርድም፤ እስከ ፒዬትራና እሄዳለሁ፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ በገዛ ዓይኔ አያለሁ፣ ለእንግዳውም እውነቱን በገዛ አፌ እነግረዋለሁ። ሰው ሲሞት ለእኔ ይነገረኛል፤ የተሰበረው ዳሌዬ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። አሁን ዶን ኦራዚዮን ጥራልኝና ከኋላ ይግባ፤ መቃብሯ ላይ ፍታቷን ሳልሰማ አላድርም።»