አስመራን አንድ ዓመት ያራቀብኝ ስሕተት

ከአስመራ የወጣሁበት ምሽት ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ነው። ሻንጣዬን ከፍቶ ከበርበሬውና ከበሶው ሥር ደብተሮቼን አወጣና ገለጥ ገለጥ አደረጋቸው።

"እዚ ደኣ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሒሳብ ነው።"

"ቁጥሩስ የት አለ?"

"ቁጥር የለበትም።"

የኤርትራ ነጻነት ገና ትኩስ ነው፤ ሰውየው የምስጢር ጽሑፍ ያገኘ መሰለው። ይሄኔ ከሰፈራችን ከገዛ ባንዳ የሸኘኝ አባቴ የጋራዥ ቱታውን ሳይቀይር ከኋላ ተንጠራርቶ ፈታሹን በትግርኛ ልጄ እያለ፣ "ስማኝ ወደይ፣ ቁጥሩንማ ልጄ እዚሁ ጨርሶታል! ለዚህ እኮ ነው የሚሄደው!" አለው። ፈታሹ ስቆ አሳለፈኝ።

ለዶክትሬት ትምህርት ዋርሶ ስገባ በረዶ ተቀበለኝ። አስመራ ላይ ጋቢ የሚያስደርበን ብርድ እዚህ ሰው በሸሚዝ የሚወጣበት አየር ነው። ምግቡ ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን፤ ጾም መስሎኝ ስንት ቀን ፋሲካን ጠበቅሁ። አከራዬ ፓኒ ሃሊና (ፓኒ ማለት ወይዘሮ ነው) አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ታገኘኛለች።

"ሥራ የለህም?"

"እየሠራሁ ነው።"

"ተጋድመህ?"

"አዎ።"

"ባሌም እንዲሁ ነበር የሚሠራው። ፈታሁት።"

ሥራዬ፣ ቀለል አድርጌ ልንገራችሁና፣ ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ እያልን ብንቆጥር ልኬታቸው ማለቂያ በሌለው ስፔሶች ላይ ነጥብን ወደ ነጥብ ስለሚወስዱ ኦፕሬተሮች ነው። የሁለት ኦፕሬተሮች ልዩነት ኮምፓክት የምንለው፣ እንደ ኢምንት የሚታለፍ ዓይነት ከሆነ፣ ሁለቱን አንድ ናቸው ብለን እንቆጥራለን። በዚህ መንገድ የሚገኘው አልጀብራ በየትኛውም ስፔስ ምን እንደሚመስል አረጋገጥሁ ብዬ አራት ዓመት ጻፍሁ።

በመምህራን ፊት ልቀርብ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ስሕተት አገኘሁ። በለመድናቸው ስፔሶች እውነት የሆነውን ነገር በሁሉም እውነት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ለፕሮፌሰሬ ነገርኋቸው፤ እሳቸውም አላዩትም ነበር።

"ለለመድናቸው ብቻ ነው ብለህ አሳጥረውና በቀኑ ተመረቅ" አሉኝ። "ሙሉውን ካልህ ግን አንድ ዓመት ይፈጃል።"

አስመራ የማስተማር ሥራ ይጠብቀኛል፤ እናቴ ለመምጣቴ ጠላ መጥመቅ ጀምራለች። እኔ ግን ዓመቱን መረጥሁ። ኩራት ነው፣ አልክድም። ጎዶሎውን ይዤ ዶክተር ብባል አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄድ አልመሰለኝም።

ደወልሁ። አባቴ እስክጨርስ ሰማኝና፣ "ስሕተቱን ማን አገኘው?" አለ።

"እኔው ራሴ፣ አባዬ።"

"ሌላ ሰው አላየውም? ሓቂ?"

"እውነቴን ነው።"

ድምፁ ከስልኩ ራቀ። ወሬዬን ሊሰማ ለተሰበሰበው ጎረቤት ነው የሚጮኸው፦ "ሰማችሁ? ፕሮፌሰሩ ያላየውን ስሕተት ልጄ ከገዛ ሥራው ላይ አወጣው! እኔስ ቡሎኑ ያልጠበቀ ማኪና ከጋራዥ አስወጥቼ አውቃለሁ?" እልልታው ቀለጠ። ደረቴ ተነፋ፤ እንባዬም መጣ።

እልልታው በረድ ሲል የእናቴ የጎንደር አማርኛ ተሰማኝ። "እሱስ ይሁን፤ ታዲያ መቼ ነው የሚመጣው?"

"የዛሬ ዓመት፣ እማዬ!" ብዬ ስልኩ ውስጥ ጮኽሁ፤ ጠላው እስከዚያ እንደማይቆይ እያወቅሁ።