በመተማ ሐሩር ጋቢ የለበሰች አበባ

በጣሊያን ጊዜ መተማ ላይ አበባ ለቃሚ ሆኜ የተቀጠርኩ ዕለት ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽርና አበባ ማድረቂያ አሮጌ ጋዜጣ ተሰጠኝ። የአጎቶቼ ልጆች ጠብመንጃ ይዘው ጫካ ገብተዋል፤ እኔ ወረንጦ ይዤ አረም ውስጥ ገባሁ። እናቴ ለጎረቤት የምትለው ቢጠፋት "ልጄ መድኃኒት ይቀምማል" ትል ነበር።

የተቀጠርኩት ጣሊያንኛ ስለምሰማ ነው። አሠሪዬ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በብርድ አገር ጥቃቅን አበቦች፣ ያውም በአደይ አበባ ዘመዶች ላይ ነው። መንግሥታቸውም አስቦ አስቦ መተማ ላካቸው! ወደ ስሜን ተራራ እንዳይወጡ አርበኛ አለ፤ ቆላ እንዳይሠሩ አበባቸው የለም። ቀኑን ሙሉ ላባቸውን ሲጠርጉ ይውላሉ።

ሥራውን ግን አስተማሩኝ። "የአደይ ወገን አንድ አበባ ይመስልሃል እንጂ አንድ አይደለም" ይሉኝ ነበር። "መሐሉን በወረንጦ በትነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ራሷን የቻለች አበባ ናት። ከዚያ ቅጠሉን፣ ከዚያ ጸጉሩን እይ። ስም መጨረሻ ነው።"

አንድ ቀን በግምት ስም ብጠራ ጣቴን በወረንጦ መቱኝ። "በሐሰት ስም የተቀመጠ አበባ እኛ ከሞትን በኋላም ይዋሻል!" አሉ። የሰው አገር ቀምቶ "የኔ ነው" ለሚል መንግሥት የሚሠሩት ሰውዬ፣ በአረም ጉዳይ እንዲህ ጻድቅ ናቸው።

የጦር ሰፈሩ አዛዥ፣ ካፒቴኑ፣ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከደጋ የወረደ ሰው ሁሉ ለእሱ የአርበኛ መልክተኛ ነው፤ መልክተኛ ደግሞ ይሰቀላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ተገኘ የሚባሉ አህያ ነጂ አስይዞ እኛ ድንኳን ድረስ ከነአህያቸው አስጎተታቸው።

"ኧረ ጌታዬ፣ እኔ እዚሁ ቆላ፣ ከኮኪት ነው የመጣሁት" ይላሉ አያ ተገኘ።

ካፒቴኑ የአህያዋን የጭነት መደላድል ቀዶ ሣሩን ዘረገፈው። አህያ ነጂ መደላድሉን የሚጠቀጥቀው ጉዞ በጀመረበት አገር ሣር መሆኑን ማን እንደነገረው እንጃ፤ ምላሱ ይቆረጥ! ከሣሩ መሐል አንዲት የደረቀች ቢጫ አበባ መዘዘና "ይህች የት ትበቅላለች?" አለ።

ሳያት ክው አልኩ። ቅጠሏ ነጭ ጸጉር የደረበ ነው፤ ጋቢ የለበሰች ትመስላለች። ውርጭ ካለበት ከስሜን ራስ በቀር የትም አትበቅልም። በመተማ ሐሩር ጋቢ ምን ይሠራላታል?

"የኮኪት ናት፤ ማሽላ መሐል ሞልታለች" አልኩ።

ካፒቴኑ ሳቀ። "አንተን ማን ጠየቀህ? ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ይንገሩኝ።"

ሽማግሌው አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ። ባሕር ተሻግረው የመጡት ያቺኑ አበባ ፍለጋ ነው። ቅጠሏን ገልብጠው ጸጉሩን ሲመረምሩ አየሁና በቃ፣ አለቀልን አልኩ፤ እኚህ ሰው በአረም ጉዳይ አይዋሹም። አያ ተገኘ ጣሊያንኛ ባይሰሙም ነገሩ ገብቷቸው ዓይናቸውን ከፕሮፌሰሩ ከንፈር አልነቀሉም።

"እስከ ዛሬ ስም ያልወጣላት ናት" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ከዚህ ቆላ በቀር የትም አልታየችም። ካፒቴን፣ ያገኟት እርስዎ ነዎት፤ በስምዎ እሰይማታለሁ።"

ካፒቴኑ እዚያው ቆሞ ሊቅ ሆነ። ደረቱን ነፍቶ "ልቀቁት! አበባዬ እንዳትበላሽ!" እያለ ሄደ።

አያ ተገኘ አህያቸውን ሲጭኑ ፕሮፌሰሩ አበባዋን እንደገና በመነጽር አዩአት። ጋዜጣ መሐል ያስቀምጧታል ብዬ ስጠብቅ ለአህያዋ አጎረሷት።

"በሐሰት ስም አላኖራትም። በእውነተኛ ስሟም ሰው ይሰቀልባታል" አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። እያለቀሱ ነበር። ያን ቀን እንኳ እኔም አላሾፍኩም፤ አንጀቴን በሉት።

ለካፒቴኑ ከማሽላ ማሳ ዳር አንድ ቢጫ አረም ነቅዬ አደረቅሁለት። እሱ እንደሆነ ሁለቱን አይለይም። በመስታወት አስገብቶ ከጠረጴዛው በላይ ሰቀለውና ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ይህ እኔ ነኝ" ይል ነበር። አልተሳሳተም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ዕፅዋት ስለይ ኖሬአለሁ። ለአዲስ ሠራተኛ የምለው ይህንኑ ነው፤ መሐሉን እይ፣ ቅጠሉን እይ፣ ጸጉሩን እይ። ስሙን ከመጥራትህ በፊት ግን ጠያቂውን እይ።