ወረፋ የምትለቅ ሴት

ደብረ ኤልያስ ወፍጮ ቤት ወረፋውን የሚለቅ ሰው ብርቅ ነው። ይቺ ሴት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጤፏን ይዛ ትመጣና ተራዋ ሲደርስ፣ «እናንተ ቅደሙ» ትላለች። ከዚያ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ከነጠላዋ ስር ያወጣችውን መጽሐፍ ታነባለች፤ ገጹ ላይ ዱቄት ሲያርፍ እፍ ትላለች።

ፈጪው አበረ ደግነቷ ሲገርመው ከርሞ ዛሬ ጠየቃት።

«እህቴ፣ ቤት የሚጠብቅሽ ሰው የለም?»

«ሞልቶ!» ብላ ሳቀች። «ባል፣ ልጆች፣ አማት። እቤት መጽሐፍ ስገልጥ አንዱ ይጠራኛል። እዚህ ወፍጮው ስለሚጮኽ ቢጠሩኝም አልሰማም!»

ወዲያው መብራት ጠፋ። ወረፋው ሁሉ አጉረመረመ። እሷ ጆንያዋን ወደ በሩ ብርሃን ጎተተች፤ ፊቷ ፈክቷል።

«አይዟችሁ፣ አሁን ይመጣል» አለ አበረ።

«ኧረ ምን አስቸኮለው!» አለች፣ ቀጣዩን ገጽ እየገለጠች።