የላይኛው ፎቅ ብርድና የጋሼ እርግቦች

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ለሙያዋ ይሁን ለምላሷ የሚለይ የለም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ ባሏ ካረፈ ወዲህ ከእናቷ ጋር በአንድ ያረጀ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ናት። ከእነሱ በላይ ያለው የኮንክሪት ጣሪያ ብቻ ነው። ሙቀት ሲሆን ቤቱ ምድጃ ይሆናል፤ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ግድግዳው ሲያነባ ያድራል። እናቷ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ልጄ፣ እኔን እኮ የሚበርደኝ አጥንቴ ነው» ይሏታል።

መርፌ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። ቁርጥራጭ ጨርቅ በረጅሙ ሰፍታ፣ ውስጡን በብጥስጣሽ ጠቅጥቃ በበርና በመስኮት ሥር ጋደም አደረገችው። ነፋሱ ቀነሰ። ጎረቤት አየና «ለእኔም» አለ። ብዙም ሳይቆይ በየበሩ ሥር የተጋደመ የጨርቅ እባብ የሌለበት ቤት ጠፋ። በዚያው ሰበብ ሳታስበው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆና አረፈችው።

ይሁንና እባቡ ጣሪያውን አያሞቅም። ሰው ሁሉ ማሞቂያውን ባንዴ ሲሰካ የሕንፃው መብራት ድርግም ይላል። በኋላ ከከተማው አስተዳደር አንዲት መሐንዲስ መጣችና ነገሩን አስረዳች፤ ሙቀቱ የሚያመልጠው በጣሪያው ነው፣ ወፍራም መከላከያ ንጣፍ ያስፈልገዋል። ንጣፉን ከተማው ይሰጣል፤ ተሸክሞ ማውጣቱና ማንጠፉ የነዋሪው ነው። ነገር ግን ሁሉም ነዋሪ መስማማት አለበት።

ከጋሼ ሾፌሩ በቀር ሁሉም ተስማማ። ጋሼ ከመርፌ ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ጣሪያው ላይ እርግብ ያረባሉ።

«የእርግቦቼን ቤት የሚነካ የለም!» አሉ በስብሰባው ላይ።

መርፌ ደሟ ፈላ። «እናቴ በብርድ ስታልቅ አንተ ስለ እርግብ ታወራለህ?»

ደረጃው ላይ የተሰበሰበው ሰው ወደ እሷ ዞረ። ስትከራከራቸው ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ «አንተ» ስትላቸው ግን የመጀመሪያው ነበር። ጋሼ አንዴ አዩዋትና ቤታቸው ገብተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

እናቷ ከውስጥ ሰምተው ኖሯል። «አንተ አልሽው?»

«አልኩት።»

«በእኔ ስም ሰው እንድታዋርጂ ማን ላከሽ?»

በማግስቱ ጠዋት መርፌ ጣሪያው ላይ ወጣች። ጋሼ የእርግቦቹን የውኃ ሳህን ያጥባሉ።

«ጋሼ፣ አፌ ቀደመኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ስለ ጣሪያው ከሆነ...»

«ስለ ጣሪያው አይደለም።»

መጥረጊያውን አንስታ ኩሱን መጥረግ ጀመረች። ጋሼ ሳህኑን አስቀምጠው እንዲህ አሏት፦ «እርግብ ቤቱን የሚያውቀው በቦታው ነው። ባንድ ቀን ካነሳሽበት መግቢያው ይጠፋዋል። ባለቤቴ ስትሞት ቤቱ ጭር አለብኝ። አመሻሽ ላይ ተመልሶ የሚመጣልኝ እነዚህ ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ቢደረግ ይሻላል?»

ለካ እስከዚያች ቀን ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ቤቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ቢደረግ እርግቦቹ ሊለምዱት ይችላሉ አሏት። መርፌ ወደ መሐንዲሷ ሮጠች። መሐንዲሷም አሰበችበትና ጣሪያውን ለሁለት ከፍሎ በየተራ መሥራት ይቻላል፣ ሥራው ግን ይጓተታል አለች። ነዋሪው «ለእርግብ ብለን!» እያለ አጉረመረመ። ያን ጊዜ መርፌ ምላሷን ዋጥ አድርጋ በየቤቱ እየዞረች ለመነች።

አሳንሰር የለምና ንጣፉ በሰው ትከሻ ወጣ። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የባንኩ ጥበቃ፣ ሁሉም እያለከለኩ ተሸከሙ። ጋሼ የእርግቡን ቤት ሲያስጠጉ አውቶቡስ የሚያቆሙ ይመስል፣ «ወደ ኋላ! ትንሽ ወደ ግራ! በቃ፣ በቃ!» እያሉ ሰውን በሳቅ ገደሉት።

እንዲያም ሆኖ ሁለት እርግቦች ጠፉ። መርፌ ከጋሼ ጋር በየጎረቤቱ ጣሪያ ላይ እየወጣች ፈለገች፤ አልተገኙም። ጋሼ አንድም ቃል አልወቀሷትም። ቢወቅሷት ይቀላት ነበር።

ብርዱ ሲመጣ ግን መብራቱ መጥፋቱን ተወ። የመርፌ ማሞቂያ አብዛኛውን ቀን ተነቅሎ ይውላል። አንድ ቀን እናቷ ጋቢያቸውን ገፈው፣ «ኧረ ታፈንኩ፣ መስኮቱን ክፈቺልኝ!» ሲሏት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ወሬው ተሰማና የፊት ለፊቱ ሕንፃ ሰዎች መጥታ እንድትነግራቸው ጠሯት። ጋሼ «ብቻሽን አትሄጂም» ብለው ኮታቸውን ለብሰው ተከተሏት። ገና ሰላምታዋን ሳትጨርስ ጋሼ ወሬውን ነጠቋት፤ ስለ ንጣፉ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ እርግቦቹ አመል ይተነትኑ ጀመር።

«ጋሼ፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?»

«ቀጥዪ እንጂ፣ ማን ከለከለሽ?» አሉና ራሳቸው ቀጠሉ።